ያልደረቁ ኮከቦች

ልጅ ሳለሁ፣ እኛ ቤት ተረት የሚነገረው እሳት ዝር በማይልበት ክፍል ውስጥ ነበር። ሌላው ሰው የተረት ዘመኑን ሲያነሳ የምድጃ ፍም፣ ዓይን የሚያቃጥል ጭስ፣ ግድግዳ ላይ የሚወዛወዝ ጥላ ያወራል፤ እኔ ግን ዝም ብዬ ነው የምሰማው። አባባ ተረት ከመጀመራቸው በፊት ክብሪቱን ከቤት ያስወጣሉ፣ የአባቴን ሲጋራ ደጅ ያስጥላሉ፣ የጓዳውንም አምፖል ማብሪያ «እሱም አንዳንዴ እሳት ይተፋል፣ አትመኑት» እያሉ ማንንም አያስነኩም። ፋኖሱ ከመስኮቱ ውጪ ሚስማር ላይ ይንጠለጠላል። በትንኝ መከላከያው ወንፊት በኩል የሚገባው ትንሽ ብርሃን እጃቸውን ብቻ ያሳየኛል እንጂ ፊታቸውን አላይም። ስለዚህ ያኔ ተረት ማለት ለእኔ ከጨለማ የሚመጣ ድምፅና ትሪ ላይ ቀስ ብለው የሚንቀሳቀሱ ሁለት እጆች ነበር።

አባባ የእናቴ አባት ናቸው። ጂቡቲ፣ ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር፣ አባታቸው በባቡሩ ዘመን መጥተው በሠሩት የጣውላና የቆርቆሮ ቤት አብረውን ይኖሩ ነበር። ዕድሜያቸውን የባቡር ጋራዥ ውስጥ ብረት ሲቀጠቅጡ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። የከተማው አበሻ የሚያውቃቸው ግን በብረቱ አይደለም፤ በርችቱ ነው። ወጣት ሳሉ ለሠርግ ርችት ይሠራ ከነበረ አንድ የመናዊ ጎረቤታቸው ሙያውን ለምደው፣ በየዓመቱ የመስቀል ዋዜማ ደመራው ሲለኮስ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ርችት የሚተኩሱት እሳቸው ነበሩ። በዚያች ምሽት አባባ ጡረተኛ አልነበሩም። ኮታቸውን ለብሰው፣ ርችቱን ለመተኮሻ ከባቡር ጋራዥ ባመጡት የብረት ቱቦ አጠገብ ሲቆሙ ቄሱ እንኳን «አባባ፣ እንጀምር?» ብለው ይጠይቋቸዋል። እኔም የእሳቸው ልጅ ልጅ መሆኔን ያላወቀ ሰው እንዳይኖር ከአጠገባቸው ንቅንቅ አልልም ነበር።

የማወራው ስለ አንድ ዓመት ነው። ከዚያ በፊት በነበረው መስቀል አንዳንዶቹ ርችቶች ሳይበሩ ስለቀሩ፣ የበዓል ኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ከበደ ቤታችን መጥተው፣ በትሕትና፣ «አባባ፣ ዘንድሮ ደህና ከሆነ እርስዎ ይቀጥላሉ፤ ካልሆነ ግን ከሱቅ የቻይናውን እንገዛለን» ብለዋቸው ነበር። አባባም «ይሁን» ብለው ተቀብለዋል። ያኔ እኔ ይህን አልሰማሁም። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ የኮሚቴ ወሬ ማን ያወራል?

አባባ ኮከብ የሚሏቸው ሰማይ ላይ ወጥተው ቀይና አረንጓዴ ሆነው የሚበተኑትን እንክብሎች ነው። ፍንዳታው ጩኸት ብቻ ነው፤ የምናየው ብርሃን የእነሱ ነው። ዱቄቱን ከምን ከምን እንደሚቀላቅሉት ለማንም፣ ለእናቴም እንኳን፣ ነግረው አያውቁም። እኔ የማውቀው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ቀጭን የሩዝ ሙቅ አብስለው፣ አቀዝቅዘው፣ ጠብ ጠብ እያደረጉ ዱቄቱን ያሹታል። «ሙቁ ነው የሚያስረው፤ ከበዛ ያፍነዋል፣ ካነሰ ይበትነዋል» ይሉኝ ነበር። ከዚያ ሽምብራ ሽምብራ እያሳከሉ በመዳፋቸው ያድቦለቡሉና ካኪ ወረቀት የተነጠፈበት የእንጨት ትሪ ላይ ይደረድሯቸዋል።

ከዚያ የማድረቁ ጣጣ ይመጣል። ሰው ጂቡቲ ላይ ነገር ለማድረቅ ምን ችግር አለ ይል ይሆናል፤ እንጨቱ እንኳን ቆሞ የሚሰነጠቅበት አገር ነው። አባባ ግን ከፀሐይ ያሸሿቸዋል። ፀሐይ ያየ ኮከብ ውጪው ቶሎ ይደርቅና ቅርፊት ያወጣል፤ ውሃው ውስጡ ታስሮ ይቀራል። ስለዚህ በነሐሴ፣ ካምሲን የሚባለው ትኩስ ነፋስ ገና ሲነፍስ፣ ጓዳ ውስጥ ጥላ ላይ ያስቀምጧቸውና በየምሽቱ አንድ በአንድ በጣታቸው ያገላብጧቸዋል። በመስከረም ነፋሱ ይሄድና ከባሕሩ በኩል ወበቁ ይመጣል፤ ያኔ ያልደረቀ ነገር አይደርቅም። ስለዚህ ሥራው ከወበቁ ጋር እሽቅድምድም ነበር።

ተረቱ የሚነገረው በማገላበጡ ሰዓት ብቻ ነበር። ሌላ ጊዜ «አባባ፣ ተረት» ብላቸው «እጄ ሥራ ከፈታ አፌም ይፈታል፣ ሂጂ ወዲያ» ብለው ያባርሩኛል። የትሪው ጊዜ ሲደርስ ግን ሰፈሩ ሁሉ ቢጠራኝ አልወጣም። ያን ዓመት የያዙት ተረት ባቡር ስለተሳፈረ ጅብ ነበር። ጅቡ ድሬዳዋ ሠርግ አለ ሲባል ሰምቶ፣ ነጠላ ተከናንቦ፣ የሰረቀውን መነጽር ዓይኑ ላይ ሰክቶ፣ ከእናቶች መሃል ቁጭ ብሏል። በየምሽቱ አንድ ጣቢያ እንደርሳለን። ሆልሆል ላይ ቲኬት ቆራጩ መጥቶ «እማማ፣ ቲኬት?» ይለዋል፤ አሊ ሳቢህ ላይ ፍየል የያዘ ነጋዴ አጠገቡ ይቀመጥና ምራቁ ነጠላውን ያርሰዋል። እኔ መታገሥ አቅቶኝ «ጥርሱን አላዩትም? ፍየሏስ አልጮኸችም?» እላለሁ። «ዱስማ!» ይላሉ አባባ፣ ቀስ ለማለት፤ ጋራዥ ውስጥ ከፈረንሳዮቹ የለመዷት ቃል ነች። «ባቡር ላይ ነን እኮ፤ ከመንኮራኩሩ ቀድመሽ የት ልትደርሺ ነው?» ሳቃቸው በጨለማው ውስጥ ይሰማኛል። ያኔ ከእኔ የበለጠ የታደለ ልጅ ያለ አይመስለኝም ነበር።

በመጨረሻ ከትሪው ጥግ አንዷን ያነሱና በቢላ ለሁለት ይከፍሏታል። ግማሿን ከውስጥ በኩል የእጄ አንጓ ላይ ያሳርፏታል። «በረደሽ?» ይሉኛል። ከበረደኝ ውስጧ ገና እርጥብ ነው፤ ነገም ተረት አለ። ካልበረደኝ ደርቃለች ማለት ነው፤ ኮከቦቹ ሲደርቁ ደግሞ ተረቱም ባለበት ይቆምና ለከርሞ ይተላለፋል። የአባባ ሕግ ይኼ ነበር።

ጅቡ ደወሌ በደረሰበት ምሽት ግማሿ ኮከብ አንጓዬ ላይ ስታርፍ አልበረደችኝም።

«እሰይ! ነገ አንዴ እናገላብጣቸውና እንጨርሳለን» አሉ አባባ። «ጅቡን ለከርሞ እናሳድረዋለን።»

ከርሞ! ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ከርሞ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ቲኬት ቆራጩ ነጠላውን ሊገልጥ እጁን ዘርግቶ ነው የቆመው። እንዲህ አድርጎ ሰውን ትቶ ይኬዳል? ተኝቼ እንኳን ስለዚያ እጅ ነበር የማስበው።

በማግስቱ ቀትር ላይ፣ ከተማው ሁሉ ሱቁን ዘግቶ በሚተኛበት ሰዓት፣ ጓዳ ገባሁ። እናቴ ከገበያ መጥታ ወለሉ ላይ ተዘርራለች፤ አባቴ አምቡሊ አውሮፕላን ጣቢያ ሥራ ላይ ነው፤ አባባ ደጅ አልጋቸው ላይ ያንኮራፋሉ። በጣሳ ውሃ ቀዳሁና ጣቶቼን እየነከርኩ፣ ቄሱ ጠበል እንደሚረጩት፣ ከትሪው ዳር እስከ ዳር ረጨሁ። ያኔ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዛሬ ማታ ይበርደኛል። ስለ መስቀል፣ ስለ ሰማይ፣ ስለ ቱቦው ትዝም አላለኝ።

ማታ በረደኝ። አባባ ግማሿን ኮከብ በራሳቸው አንጓ ላይም አድርገው ሞከሯት። «ገና ናት» አሉ። «ወበቁ ሳይሆን አይቀርም።» ከዚያ ከስር ያለውን ካኪ ወረቀት አውጥተው አጣጠፉት፣ አዲስ ወረቀት አነጠፉ፣ ጅቡንም ከደወሌ አስነሱት። ያን ምሽት የተናገሩት ተረት ከወትሮው ሁሉ የረዘመ ነበር። እየዘፈኑ፣ የቲኬት ቆራጩን ድምፅ በሱማሊኛ፣ የፍየል ነጋዴውን በዓረብኛ እያስመሰሉ አሳቁኝ። በማግስቱም ረጨሁ። ከዚያም ደግሜ። አባባ በየምሽቱ ወረቀቱን ይቀይራሉ፤ እኔ ደግሞ በወበቅ ጊዜ እንዲህ የሚደረግ መስሎኝ ነበር። ኮከቦቹ ገላቸው ላይ አመድ የመሰለ ነገር ያወጡ ጀመር፤ አንዳንዶቹ ተሰነጠቁ። ነሐሴም አለቀ፣ ጳጉሜም አለፈች፣ ነፋሱ ቆመ። ከባሕሩ የመጣው ወበቅ አንሶላውን እንኳን ገመድ ላይ እርጥብ አድርጎ ማሳደር ጀመረ።

መስቀል ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ዓርብ፣ ታደለች መጣች። ታደለች አንድ የፈረንጅ ቤት ተቀጥራ እዚያው የምታድር፣ ዓርብ ዓርብ ዕረፍቷ ሲሆን እኛ ጋ የምትውል የእናቴ የአገር ልጅ ናት። እናቴ ሽንኩርት ስትከትፍ እሷ ጎኗ ተቀምጣ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔስ የአባባ ነገር ነው የጨነቀኝ» አለች። «ጋሽ ከበደ ዘንድሮ ካልበራ የቻይናውን እንገዛለን ብለው ጨርሰዋል እኮ። እስቲ ይሄን ከተነጠቁ ምን ይቀራቸዋል?» እናቴ ሽንኩርቱን ትታ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች።

ይህን በበሩ ቀዳዳ ሰማሁ። የረጨሁት ውሃ ትዝ አለኝ። እየሮጥኩ ጓዳ ገባሁ። አባባ በመስኮቱ የምሽት ብርሃን ስር ተቀምጠው ኮከቦቹን ወደሚተኮሰው የወረቀት ቀፎ እየከተቱ ነበር።

«አባባ፣ እኔ ነኝ» አልኩ።

«አንቺ መሆንሽንማ አያለሁ።»

«አይደለም፤ ውሃውን። ኮከቦቹ ላይ እኔ ነኝ ውሃ የረጨሁት። በየቀኑ።» ከዚያ ለቅሶዬ መጣ።

እጃቸው ሥራውን አላቆመም። «አውቃለሁ» አሉ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ቀን። ጠብታ ያረፈበት ወረቀት ይኮማተራል እኮ። ለምን የምቀይረው ይመስልሻል? እናትሽ ብታይ ትገርፍሻለች ብዬ ነው።»

ለቅሶዬ ቀጥ አለ። «ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ? ለምን አልተቆጡኝም?»

ያኔ አባባ እጃቸውን አቆሙ። ብርሃኑ ፊታቸው ላይ ነበር፤ በዚያ ጓዳ ፊታቸውን እያየሁ ሲያወሩኝ ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም። ሰውዬው አፍረው ነበር። አያቴ፣ ከእኔ፣ ከዘጠኝ ዓመት ልጅ ፊት አፍረው ነበር።

«ተረቱ እንዳያልቅ አንቺ ብቻ የፈለግሽ መሰለሽ?» አሉ። «እናትሽ ደክሟት ነው የምትመጣው። አባትሽ ሬዲዮውን ጆሮው ላይ ለጥፎ ነው የሚያመሸው። አፌን ስከፍት ቀና ብሎ የሚያየኝ አንቺ ነሽ። እንዳያልቅ ብለሽ ስትረጪ፣ አቦ፣ ደስ አለኝ። ነገ እከለክላታለሁ እያልኩ፣ ካምሲኑ ደግሞ አንዴ ይመለሳል እያልኩ...» ጨረፍ አድርገው ወደ መስኮቱ አዩ። «አልተመለሰም።»

«አሁን አዲስ እንሥራ» አልኩ።

«በምን ቀን ይደርቃል? ተይው። የሚበራው ይበራል። ለማንም ግን እንዳትተነፍሺ፤ እጄ ነው እላለሁ።»

«ግን እኔ ነኝ!»

«እንዳትተነፍሺ አልኩሽ። በሞቴ።»

በሞቴ ብለውኛልና አልተነፈስኩም።

የደመራው ምሽት ግቢው ጢም ብሎ ሞልቷል። ጀንበሯ ጠልቃ ጨልሟል፤ ነጭ የለበሰው ሰው ፊቱን ወደ ሰማይ አንጋጦ ይጠብቃል። አባባ ኮታቸውን ለብሰው ቱቦው አጠገብ ቆሙ። እኔ እንደ ወትሮዬ ጎናቸው ነኝ፤ ያን ቀን ግን መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ እመርጥ ነበር። ቄሱ «አባባ፣ እንጀምር?» አሉ። አባባ ለኮሱ። የመጀመሪያው ወጣ፣ ፈነዳ፣ ጩኸቱ ከቆርቆሮ ቆርቆሮ ተጋጨ፤ ሰማዩ ግን እንዳለ ጨለማ ነው። ትንሽ ቆይቶ ኮከቦቹ፣ ሳይበሩ፣ በጣሪያው ላይ እንደ ጠጠር መርገፍ ጀመሩ። ልጆች ሳቁ። ሁለተኛው እንደዚያው ሆነ። ከሦስተኛው አንድ ሁለቱ ጢስ እየተፉ ቀላ ብለው ወረዱና አንዷ የታደለች ነጠላ ላይ አረፈች። ሴቶቹ ጮኹ፤ ጋሽ ከበደ በጫማቸው ረገጧት። ነጠላው ተበስቷል። ታደለች የተበሳውን ቦታ በመዳፏ ሸፍና «ምንም አልሆንኩ፣ ምንም አልሆንኩ አባባ» እያለች ለመሳቅ ትሞክራለች።

ጋሽ ከበደ ክፉ ሰው አልነበሩም። መጥተው አባባን ትከሻቸውን አቀፏቸው። «አይዞዎት፤ ዕድሜ ነው» አሉ።

«አዎ» አሉ አባባ። «እጄ ነው። እጄ አልታዘዝ አለኝ።» ይህን ሲሉ በሌላው እጃቸው የእኔን እጅ ጥብቅ አድርገው ይዘውታል። እጃቸው ምንም አይንቀጠቀጥም ነበር። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

በሚቀጥለው ዓመት የቻይናው ርችት በካርቶን መጣ። ሰማዩ በቀይ፣ በሐምራዊ፣ ስሙን በማላውቀው ቀለም ሁሉ ተሞላ። አባባን ክብር ሰጥተው ከፊት ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ሁሉም ሲያጨበጭብ እሳቸውም አጨበጨቡ፤ ከልባቸው ነው ያጨበጨቡት። እኔ ማየት አቅቶኝ ዞርኩ።

እስከዚህ ያለውን ለሰው ነግሬ አውቃለሁ። የሰማኝ ሁሉ «አንቺ ደግሞ፣ ልጅ ነበርሽ፤ እሳቸውም እኮ ያውቁ ነበር» ይለኛል። እውነት ነው፣ ልጅ ነበርኩ። በውሃው ራሴን ይቅር ካልኩ ቆይቻለሁ። የማይለቀኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ እሱን ለመናገር ደግሞ አፌ እሺ አይለኝም።

አባባ ከዚያ መስቀል በኋላ ሕጋቸውን ሻሩ። ትሪ የለም፣ ኮከብ የለም፤ ግን ሲመሽ ጓዳ ገብተው ቁጭ ይሉና «ነይ እስኪ፣ ካቆምንበት እንቀጥል» ይሉኛል። የቀራቸው እኔ ነበርኩ። ሙያቸውን የሠዉት የእኔን ጆሮ ለጥቂት ምሽት ለማቆየት ነው፤ ይህን በቃላት ባላውቀውም ሆዴ ያውቀው ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ያልሄድኩት አፍሬ ነው። ድምፃቸውን በሰማሁ ቁጥር ጣሪያው ላይ የሚረግፈው ጠጠር ይሰማኛል። «ጥናት አለብኝ አባባ» አልኩ። እንደገና ሲጠሩኝ «ነገ» አልኩ። ኀፍረቱ ቀስ በቀስ ለቀቀኝ፤ አለመሄዱ ግን ልማድ ሆኖ ቀረ። ጎረቤቶች ዲሽ አስገቡ፣ ካርቱን መጣ፣ ጓደኞች መጡ። ያኔ እውነቱን ለመናገር ተረቱ ራሱ የሕፃን ነገር መስሎኝ ነበር። «በኋላ አባባ፣ በኋላ» እያልኩ በፊታቸው አልፋለሁ። እሳቸውም ሳይቆጡ መጥራቱን ተዉት።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ደብተሬን ለመውሰድ ስገባ ከጓዳው ድምፅ ሰማሁ። እንግዳ የመጣ መሰለኝ። በበሩ ስንጥቅ አየሁ፤ ማንም የለም። አባባ ብቻቸውን ተቀምጠው ተረቱን እየተናገሩ ነው። እጆቻቸው ባዶ ጠረጴዛ ላይ የሌሉትን ኮከቦች ያገላብጣሉ። ጥቂት ይናገሩና ዝም ይላሉ፤ እኔ ጥያቄ የምጠይቅበት ቦታ ላይ ነው ዝም የሚሉት። ይጠብቃሉ። ከዚያ «ዱስማ» ይላሉና ይቀጥላሉ።

አንድ እርምጃ ብቻ ነበር። በሩ አልተቆለፈም፤ ገፋ ባደርገው፣ «ከዚያስ?» ብላቸው ይበቃ ነበር። ጓደኞቼ ከደጅ ስሜን ጠሩኝ። ደብተሬን አንስቼ፣ እንዳይሰሙኝ በእግር ጣቶቼ እየረገጥኩ ወጣሁ።